ለጉባኤ እንዲነበብ የተስተካከለ

ቲቸር ደገፉ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ አንድ ቀን ይነቃበትና ከኮሚቴው ያስወጡት ነበር፣ በዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ሶዶ ውስጥ በጉኑኖ መውጫ ባለችው አጥቢያ ትልቅ ትንሹ የሚያከብረው ሰው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከምራቱ ከትዕዛዝና ከልጅ ልጁ ከሜሪ ጋር ይኖራል። የተሳሳተ ጽሑፍ ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እንኳ ስህተት ካለበት ቆሞ ሳያርም አያልፍም።

የሚሽን ኮሚቴው ጸሐፊ ያደረጉትም ለዚሁ ነው። በአጥቢያይቱ በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ወደ ሩቅ አገር ከተላኩ አገልጋዮች የመጣ ደብዳቤ ከመድረክ ይነበባል። ደብዳቤው በቴሌግራም ፎቶ ሆኖ ይደርሳል። ደገፉ መነጽሩን ያደርግና ስልኩን የውሃ ጆግ ላይ አስደግፎ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጠዋል። ሲገለብጥ ደግሞ ያስተካክለዋል፤ ከመድረክ የሚያነበውም እሱው ነው። ይህን አሠራር እሱ አልፈጠረውም። ከመድረክ የሚነበብ ነገር ምዕመኑን የሚያንጽ እንጂ የሚያደክም መሆን የለበትም የሚለው ደንብ እሱ ጸሐፊ ሲሆን የጠበቀው ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ጸሐፊም ያደርገው ነበር። ልዩነቱ፣ ያ ጸሐፊ የሌላ ሰው ልጅ ደብዳቤ ነበር የሚያስተካክለው። ደገፉ የሚያስተካክለው የገዛ ልጁን ነበር።

ልጁ ሚልክያስ ይባላል፤ ሌላ ልጅ የለውም። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለሦስት ዓመት ወደ ደቡብ ሱዳን ተላከ፤ ከጁባ በጀልባ ሁለት ቀን የሚያስኬድ፣ ከዓመት ዓመት ውሃ የማይለቀው ረግረጋማ አገር። ሜሪ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ በዓመቱ ሚስቱና ልጁ እንዲከተሉት ነበር ስምምነቱ። ቤቱ ተጀመረ፤ ጎርፍ ወሰደው። ሌላ ተጀመረ፤ እሱንም ወሰደው። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ የሚያነሳ ሰው ጠፋ፤ ትዕዛዝም ማለዳ ማለዳ በሚኒባስ ወደ ተበላ ከተማ ወርዳ በምትሠራበት የግል ክሊኒክ ነርስነቷን ቀጠለች።

አጥቢያይቱ አንድ ልማድ አላት። በመላኪያው ቀን ወላጅ ልጁን በቀኝ እጁ ይዞ መድረክ ላይ ያወጣና እጁን በሽማግሌዎች እጅ ላይ አድርጎ፣ “ሰጥቻለሁ” ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ የራሱ አይደለም፤ ጊዜው ሳይደርስ መመለስ ቢፈልግ እንኳ በገዛ አፉ አይጠይቅም። የጠየቀ እንደ ከዳተኛ ይቆጠራል፤ ዳግመኛም መድረክ ላይ አይቆምም። የሰጠው ሰው ግን ሊጠይቅ ይችላል። ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ “ልጄን መልሱልኝ” ካለ ይመለስለታል፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ ያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሱም አቶ ጦና ነው። ገበሬ ነው፤ ከጉኑኖ በእግሩ ነው የሚመጣው። ልጁ ማክዳ ሰሜን ኬንያ ተልካ ስታገለግል፣ ከዕለታት አንድ እሁድ ጭቃ የነካ ቦቲ ጫማውን እንኳ ሳያጥብ መሀል ላይ ቆመና፣ “ልጄን መልሱልኝ” አለ። ለምን ቢሉት፣ “ሕልሜ ውስጥ አታወራኝም” አለና ተቀመጠ። ማክዳ ተመለሰች። በሚቀጥለው እሁድ የስብከቱ ተራ የደገፉ ነበር፤ ስለ ሎጥ ሚስት ሰበከ። የማንንም ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ወደ ኋላ የሚያይ ልብ ምን ያህል ጨው እንደሚሆን ሲናገር ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ ጦና አዞረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጦና ከበሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ለመደ። ደገፉ ያ ስብከት የሕይወቱ ምርጥ ስብከት ይመስለው ነበር፤ ሰዎችም እንደዚያው ይሉት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ደገፉ ከልጁ ደብዳቤ የሰረዘው አንድ ቃል ብቻ ነው። ሚልክያስ ጎጆው ውስጥ እባብ ገብቶበት ሦስት ቀን ውጭ እንዳደረ ጽፎ፣ መጨረሻው ላይ “አለቀስኩ” ብሎ ነበር። ደገፉ ይህችን ቃል አወጣት። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ ለሰው ማስነበቡ ምን ይረባል? እባቡ ብቻውን ሲነበብ ደግሞ እንዴት ያለ ታሪክ ሆነ! ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሜሪን ታቅፋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ትዕዛዝም ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ደገፉን ያን ቀን የተሰማው ነገር ሌላ ስም የለውም፤ ኩራት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሥራው ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር አደገ። ሚልክያስ፣ “የሚያናግረኝ ሰው የለም፤ ወላይትኛ እንዳይጠፋኝ ብቻዬን ለራሴ አወራለሁ” ብሎ ላከ። ደገፉ፣ “ከጌታ ጋር ብቻዬን የማወራበት ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ” ብሎ ገለበጠው። ይህ ውሸት አይደለም ብሎ ከራሱ ጋር ተሟገተ፤ ብቻውን የሚያወራ አማኝ ከጌታ ሌላ ከማን ጋር ሊያወራ ነው? ልጁን የሚጠቅመው መሰለው። ሚልክያስ አንድ ቀን ይመለሳል፤ ሲመለስም ስለ ብቸኝነቱ የሰማ ሕዝብ እያዘነለት ከሚቀበለው፣ እንደ ጀግና ቢቀበለው አይሻልም? ደግሞም አለቀስኩ፣ ፈራሁ፣ ደከመኝ ያለ አገልጋይ ነገ ማን ያከብረዋል? እነዚህን ሁሉ ያወጣና ያወርድ ነበር፤ ካወጣ ካወረደ በኋላ ግን ሁልጊዜም መጨረሻው እስክሪብቶውን ማንሳት ነው።

ስልኩስ አይሠራም ወይ የሚል ይኖራል። ሚልክያስ ያለበት መንደር ኔትወርክ የለውም። በወር አንዴ ጀልባ ሲገኝ ወደ ከተማ ወጥቶ ደብዳቤውን ለአባቱ ይልካል፤ ከዚያ ለትዕዛዝ ይደውላል። ድምፁ እየተቆራረጠ ከሚሰማው አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ውስጥ አብዛኛውን ሜሪ ትወስደዋለች፤ የቀረችዋን “ደህና ነኝ፣ ደህና ናችሁ” ትጨርሳታለች። ትዕዛዝ የባሏን ልብ የምታገኘው በወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ በአማቷ አንደበት ነበር።

በ2016 መስከረም መጨረሻ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ባለፈ በሳምንቱ፣ አጭር ደብዳቤ መጣ። እንዲህ የሚል ነው፦

“አዋ፣ የጊፋታ ዕለት ቀኑን ሙሉ ጀልባው ማሰሪያ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ጸሎት እምቢ ካለኝ አራት ወር ሆነኝ። ቃሉን እከፍታለሁ፣ አይነበብልኝም። እኔ ልጠይቅ አልችልም፤ ደንቡን ታውቃለህ። አንተ ጠይቅልኝ። ቆመህ ልጄን መልሱልኝ በል። የሚሉህን ሁሉ መጥቼ እኔ እሸከመዋለሁ። ለትዕዛዝ አትንገራት፤ ታፍርብኛለች።”

ደገፉ ሦስት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ ሲያነበው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አማርኛ በሚነገርበት ቤት እንኳ አባቱን “አዋ” እያለ በእናቱ ቋንቋ የሚጠራው ልጅ ከፊቱ ቆሞ የሚለምነው መሰለው። ሁለተኛ ሲያነበው ፈራ፤ ያቺ የመጨረሻ አግዳሚ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው፣ የሎጥ ሚስት። ሦስተኛ ሲያነበው በልጁ ተናደደ፤ እጁም እስክሪብቶ ይዞ ነበር። ለጉባኤው፣ “በጊፋታ ዕለት ቤተሰቤን ብናፍቅም ጌታ ራሱ ቤተሰብ ሆነኝ፤ በደስታ እያገለገልኩ ነው” ብሎ ጻፈ። ለልጁ ደግሞ፣ “አይዞህ፣ ፈተና ነው፣ ያልፋል” ብሎ መለሰለት። ሦስት ቀን ጾሞም ጸለየለት፤ ከልቡ ነው የጸለየው። ሊሰጠው የሚችለውን ሁሉ ሰጠው፤ የተለመነውን አንድ ነገር ብቻ ነፈገው።

ኅዳር ላይ የሚልክያስን የአገልግሎት ዘመን የማራዘም ጉዳይ ለጉባኤው ሊቀርብ ሳምንት ሲቀረው፣ ደገፉ ሶዶ ገበያ ቦዬ የሚባለውን የሚቀቀል ሥር ሲመርጥ ጦና አገኘው። ከዚያ ስብከት ወዲህ አሥር ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። ጦና ግን የያዘውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠና ያለ ምንም መግቢያ ጀመረ።

“ቲቸር፣ ሚልክያስን ሰንበት ትምህርት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያ ልጅ አፉ እንደዚያ አያወራም። የምታነበው ያንተ አፍ ነው።”

ደገፉ ነጋዴዋን ሂሳብ ጠየቃት፤ ያልሰማ ለመምሰል።

“እኔ የዚያን ጊዜ ጠየቅኩ፣ አንተ ጨው አደረግከኝ” አለ ጦና፤ ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። “ይሁን። ማክዳ ግን ዛሬ ጉኑኖ ሱቅ አላት፣ ሦስት ልጅ ወልዳለች። ጨው መሆን አይገድልም። ልጅህን ይመለስልኝ ብለህ ጠይቅ።”

ደገፉ፣ ልጁ እንደ ሌሎች ልጆች እንዳልሆነ፣ የተጠራበትንም እንደሚያውቅ በአስተማሪ ድምፅ ነገረው። ጦና ዘንቢሉን አንስቶ ሄደ። ደገፉ ቦዬውን ረስቶት ቤት ገባ፤ ትዕዛዝ ስትጠይቀው ተወዷል አላት።

እሁድ ዕለት ወንጌላዊ ጌታሁን፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁለት ዓመት እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ሰውየው ድምፁ የሞቀ፣ ነገር የሚያምርለት ነው። እንዲህ ያለ ደስታና ፍሬ ያለበትን ሥራ እንዴት መሀል ላይ እናቋርጣለን ብሎ የጊፋታውን ደብዳቤ ከአፉ ደገመው፤ የደገፉን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይዞታል። ከዚያ ቤተሰብ ምን ይላል ብሎ ጠየቀ። ትዕዛዝ ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች፣ እሱ ደስ ካለው እሷም ደስ እንደሚላት በቀስታ ተናገረች። ተራው የደገፉ ሆነ። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነበር፤ ሁለቱ ቃላት ምላሱ ላይ ነበሩ። ወደ በሩ ሲያይ ግን ከጦና ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጦና ራሱን ወደ ታች ነቀነቀለት፤ ተናገር ማለቱ ነበር። ደገፉን የዘጋውም ያ መነቅነቅ ነው። ከዚያ ሰው አጠገብ ራሱ ተቀምጦ ታየው። “የጌታ ፈቃድ ይሁን” አለና ተቀመጠ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው።

ጥር አሥራ ሁለት ቀን የመጨረሻው ደብዳቤ ደረሰ። ጽሑፉ ተዝረክርኳል፤ የደገፉ ተማሪ ቢሆን ኖሮ እንደገና ጻፍ ይባል ነበር።

“አዋ፣ ሁለት ዓመት መጨመሩን ሰማሁ። ደህና። ወባው በወር ሁለቴ ይመላለስብኛል። ክኒኑ አለኝ፣ ጣሳው ውስጥ ሙሉ ነው። ግን አልውጠውም። ለምን ብትለኝ አላውቅም። እጄን ወደ ጣሳው እሰድና እመልሰዋለሁ። ሰነፍኩ እንዳትለኝ።”

ደገፉ ይህንን ደብዳቤ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። ወባ የሚለውን ቃል ብቻ እንኳ ሊያነብ አልቻለም፤ ትዕዛዝ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ተበላ ላይ የቆላ ወባ ስታክም የምትውል ሴት ናት። አንድ ነገር ብትሰማ አሥር ነገር ትጠይቃለች። ስለዚህ ደብዳቤውን በሙሉ ተወውና ከራሱ አዲስ ጻፈ። ግማሽ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ፈጠራው እሱ ነበር፤ ሲነበብም እንደ ሌሎቹ ሁሉ አሜን ተባለለት። ለልጁ፣ መድኃኒቱን እንዲውጥ አጥብቆ ጻፈለት፤ እንደ አባት ቃል እንዲገባለት ለመነው። ለኮሚቴው ለመናገር ሁለት ጊዜ እስከ ጌታሁን ቢሮ በር ሄዶ ተመልሷል። አሁን ቢናገር፣ “እስካሁን ያነበብከው ምንድን ነበር?” መባሉ አይቀርም። የሸሸው መጀመሪያ የጦናን አግዳሚ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር መጥቶበታል። ልጁ ይሻለዋል፣ ጌታ ይደርስለታል እያለ ቀን ገፋ።

መጋቢት አሥራ አንድ፣ ረፋድ ላይ፣ የኮሚቴው ሰዎች ስድስት ሆነው መጡ። ስድስት ሰው አብሮ በሥራ ቀን ለደህና አይመጣም። ትዕዛዝ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች፤ ቆማ ነው የሰማችው። ከሁለት ቀን በፊት፣ መጋቢት ዘጠኝ፣ ሚልክያስ በወባ አርፏል፤ በውሃው ምክንያት ሬሳውን ማምጣት ስላልተቻለ መንደርተኛው ከፍ ያለ መሬት ፈልጎ ቀብሮታል። ሰዎቹ ዋይታ እንዳይነሳ ወዲያው መዝሙር ጀመሩ፤ የአማኝ ሐዘን በመዝሙር ነው። ትዕዛዝ አላለቀሰችም። መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቀችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

“መድኃኒት አልነበረውም?”

ጌታሁን፣ እንደነበረው፣ ጎጆው ውስጥ አንድ ጣሳ ክኒን እንደተገኘ፣ የጌታ መንገድ ግን እንደማይመረመር ነገራት። ትዕዛዝ ግንባሯን ቋጥራ ቆየች፤ ሂሳብ አልመጣለት እንዳለ ሰው። ደገፉ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሱሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ልጄን ገደልኩት የሚል ቃል በውስጡ ጥርት ብሎ ተነገረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም አንድ ሰዓት እንኳ አልተለየውም።

የሐዘኑ ሳምንት እንደ ወጉ አለፈ። ከተበላም ከዱቦም ሰው መጣ። የሚመጣው ሁሉ ስለ ደብዳቤዎቹ ያነሳል፤ እባቡን ያነሳል፣ ጊፋታውን ያነሳል፣ “እንዴት ያለ የጸና ልጅ ነበር” ይለዋል። ደገፉ እያንዳንዱን ቃል የሚሰማው ጥርሱን ነክሶ ነው። በሳምንቱ ጌታሁን አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው፣ የሚልክያስ ፎቶ ሽፋኑ ላይ ሆኖ፣ እንደ መጽሐፍ ቢታተሙ ለስንቱ ወጣት በረከት ይሆናሉ! የመታሰቢያው እሁድ ላይ ደግሞ አባትየው ራሱ ጥቂቶቹን ቢያነብ መልካም ነው። ደገፉ እሺ አለ። እሺ ያለው ሌላ ነገር አስቦ ነበር።

አራት ቀን ሙሉ፣ ትዕዛዝ ሥራ ስትሄድና ሜሪ አጸደ ሕፃናት ስትውል፣ ስልኩን ጆጉ ላይ አስደግፎ ደብዳቤዎቹን እንደገና ገለበጠ። አንድ ቃል አልነካም። የተዝረከረከውን እንደተዝረከረከ፣ የጎደለውን እንደጎደለ ጻፈው። ሲጽፍ አለቀሰ፤ በዕድሜው ምንም ሳያርም የገለበጠው ጽሑፍ ያ ብቻ ነው። ይዋረዳል፣ ያውቀዋል። ከመድረክ ያወርዱታል፣ ትዕዛዝ ፊቱን ማየት ትጠላለች፣ ጦና ይፈርድበታል። ይህን ሁሉ ፈለገው። ልጁ በሕይወት ሳለ ያላገኘውን አንድ ነገር፣ አንድ ጊዜ በራሱ አፍ መሰማትን፣ ቢያንስ ከሞተ በኋላ ሊሰጠው ቆረጠ።

እሁድ የጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ደገፉ መድረክ ላይ ወጣ፤ ማይክሮፎኑን ከጌታሁን ተቀበለ። እስከ ዛሬ ያነበበላቸው የልጁ ደብዳቤ እንዳልነበረ ተናገረ። ከዚያ አነበበ። “አለቀስኩ” የምትለዋን አነበበ። ብቻዬን ለራሴ አወራለሁ የሚለውን አነበበ። “አንተ ጠይቅልኝ” የሚለው ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጣሳውን አነበበ። ወረቀቱን አጠፈና፣ “ልጄ ለመነኝ፤ እኔ ለስሜ ብዬ አልጠየቅኩለትም። የገደለው ወባ አይደለም” አለ።

ደገፉ ጭንቅላቱን ደፍቶ ፍርዱን ጠበቀ። ሲጠብቅም፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደረቱ ውስጥ አየር የገባለት መሰለው።

ከዚያ መሀል ላይ አንዲት ሴት፣ “አሜን” አለች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ማልቀስ ጀመረ። ጌታሁን መድረክ ላይ ወጣና ማይክሮፎኑን ከደገፉ እጅ በፍቅር፣ በጣም በፍቅር ወሰደው። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ማስመሰል አልነበረም፣ ከልቡ ነው። አንድ ልጁን ያልከለከለ አባት በመጽሐፍ ብቻ አንብበን ነበር፣ ዛሬ በዓይናችን አየን አለ። ልጁ እየለመነው፣ አንጀቱ እየተቆረጠ፣ የሰጠውን መልሶ ያልጠየቀ! እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ራሱን ሲወቅስ፣ ትሕትናውን ተመልከቱ አለ። ሕዝቡ በሙሉ ተነሳ። ደገፉ፣ “አይደለም” አለ፤ ማይክሮፎን ግን በእጁ የለም። “እንደዚያ አይደለም” አለ ጮክ ብሎ፤ ኪቦርዱ ጀምሯል፣ ኳየሩ ተነስቷል። አንድ ወጣት ወደ ፊት መጥቶ ተንበረከከ። ሁለተኛ መጣ። አምስት ሆኑ። አንዲት እናት ልጇን በቀኝ እጁ ይዛ፣ እያለቀሰች፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ስታመጣው ደገፉ አያት። ሊያስቆማት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ሊባርካት የዘረጋው መስሏት ሳመችው።

በጎን በር ወጣ። ጦና አግዳሚው ላይ አልነበረም፤ መዝሙሩ ሲነሳ ሄዷል። ትዕዛዝ ግን ውጭ፣ ግንቡ ጥግ፣ ሜሪን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። ሌላ እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን እንዲሰጣት ነበር። ሰጣት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰች ጭምር፣ አነበበች። ሜሪ እንሂድ እያለች ትጎትታታለች። የመጨረሻው ላይ ቆመች።

“ይሄ መቼ ነው የደረሰዎት?”

“ጥር አሥራ ሁለት።”

ትዕዛዝ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። “ሃምሳ ሰባት ቀን” አለች። “መድኃኒት መዋጥ የተወ ሰው እኔ አውቃለሁ፣ አባባ። ክሊኒክ ይመጣሉ። እጁን ይዤ አስውጠው ነበር። ከጁባ በጀልባ ሁለት ቀን ብቻ ነው።”

ደገፉ እንድትሰድበው ለመናት። እንደ ሕፃን፣ ሊንበረከክ ምንም ሳይቀረው፣ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ እንዲወጣለት ለመናት። ትዕዛዝ ስልኩን መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት፤ የተናገረችውም እሱን እያየች አልነበረም።

“ምን ብዬ ልስደብዎት? የካቲት ላይ ሲደውል እኔንም ጠይቆኛል። ‘ልምጣ ወይ፣ ትዕዛዝ? አንድ ጊዜ ናልኝ በይኝ’ አለኝ። እንግዲህ እርስዎ ያነበቡልኝን ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎት እያገለገለ ነው። የሚፈትነኝ መሰለኝ። ና ብለው ከሥራው የማስቀረው መሰለኝ።” ሜሪን ጉያዋ ውስጥ አስገብታ አቀፈቻት። “ሳቅ ብዬ፣ ‘አንተ ሥራህን ጨርስ፣ እኛ ደህና ነን’ አልኩት። እሺ አለኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።”

ትዕዛዝ ልጇን ይዛ፣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ሄደች። ከውስጥ የአዲሶቹ ወላጆች ድምፅ ተራ በተራ ይሰማል፤ ሰጥቻለሁ ይላል አንዱ፣ ሰጥቻለሁ ትላለች ሌላዋ። አንድ ዲያቆን በጎን በሩ ብቅ አለና ቲቸር ደገፉን ጠራው፤ የሚላኩትን ልጆች ስም የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ነበር።